ግራኝ ልጅ በቀኝ አንጎሉ ነው የሚያወራው ያለው ማነው?

እህቴ «ግራኝ ልጅ ቋንቋው ያለው በቀኝ አንጎሉ ስለሆነ ንግግሩ እንዳይዘገይ እጁን ቶሎ አስቀይሩት» ላልሽው፣ በጣም ይቅርታ ግን ልክ አይደለም። ከ10 ግራኞች 7ቱ ገደማ ልክ እንደ ቀኝ እጅ ተጠቃሚው ቋንቋን በዋናነት የሚሠሩት በግራ አንጎላቸው ነው፣ የቀሩት ደግሞ በሁለቱም ወይ በቀኝ፣ እሱም በሽታ አይደለም። ደሞ ቀኝ አንጎልም ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ የድምፅ ቃና በመለየት ትልቅ ድርሻ አለው፤ እናት «ና!» ስትል በቁጣ ይሁን በፍቅር፣ በዛ በኩል ስትሮክ የመታው ሰው ቃሉ እየገባው ይሄ ሊጠፋበት ይችላል። እጅ ማስቀየር ትርፉ ልጁን ማስጨነቅ ነው። ንግግሩ ከዘገየ መጀመሪያ ጆሮውን አስመርምሩለት፣ እስክሪብቶውን ግን በናታችሁ ከግራ እጁ አትቀሙት።