ሙሉ ፈረቃ አስለብሳችሁ ለኩ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ኤክሶስኬሌተን (ሰውነትን ለመደገፍ ከላይ የሚለበስ መሣሪያ) የለበሱ ሠራተኞች ዕቃ ሲያነሱ የጀርባ ጡንቻቸው ጫና ይቀንሳል ይላል። እሱስ እውነት ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዴት ነው የሚለካው? ጀርባ ላይ የጡንቻን ሥራ የሚለካ ኤሌክትሮድ ይለጠፋል፣ ሰውየው አንድ ዓይነት ካርቶን ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሞ ያነሳል፣ አለቀ። መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ግን ይሄዳል፣ ደረጃ ይወጣል፣ ዞር ብሎ ያቀብላል፣ ፎርክሊፍት ላይ ይቀመጣል።

እኔ በስፕሪንግ የሚሠራውን ሞክሬዋለሁ። ጎንበስ ስል ወገቤን ደገፍ አድርጎኛል፣ አልዋሽም። ግን ጫናው የትም አልጠፋም እኮ፣ ወደ ደረትና ወደ ጭን ነው የዞረው! ከሰዓት ላይ ፓዱ ያረፈበት ጭኔ ቀልቶ፣ ላቡ አይነሳ፣ ስራመድ ደግሞ እግሬን ወደ ኋላ እየያዘኝ፣ አውልቄ ጥግ አስቀመጥኩት።

ስለዚህ ለሳምንታት፣ በሙሉ ፈረቃ ይሞከር፤ ሴቶችም አጫጭሮችም ይልበሱት። ከወር በኋላ ስንቱ ሳይገደድ እንደሚለብሰው ቁጠሩ፣ ለእኔ ከኤሌክትሮዱ በላይ የሚናገረው ይሄ ነው። ደግሞ የናዮሽ (የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም) የማንሳት ቀመር ሁሉ ነገር ተመቻችቶ እንኳ ከ23 ኪሎ በላይ አይመክርም። ልብሱ ተገዝቷል ብሎ 35 አንሱ የሚል አለቃ እንዳይመጣብን ነው የምፈራው። መጀመሪያ ካርቶኑን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡልን።