ስታይል ከሜኑ ላይ አይመረጥም

ሰሞኑን ዲዛይን የምማርበት ክፍል ማስታወቂያ ለጠፈ። የኢሉስትሬሽን (ለመጽሐፍ፣ ለመጽሔት፣ ለድረ ገጽ ሥዕል የመሥራት) ኮርስ ከሚቀጥለው ተርም ጀምሮ ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ የፈለገ ይወስደዋል። በቦታው ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማመንጨት ገብቷል። ይሁን ብዬ ልተወው ነበር። ደሜን ያፈላው ምክንያቱን ሊያስረዱን የመጡት መምህር ንግግር ነው። «ስታይል እኮ ዛሬ ከሜኑ ላይ የሚመረጥ ነገር ነው» አሉን። ፊት የተቀመጡት ሳቁ።

ቀጥለው ማስረጃ ያሉትን አመጡ። በየአፑና በየድረ ገጹ የምናያቸውን ሰዎች ስክሪኑ ላይ ደረደሩ፤ ጭንቅላታቸው ትንሽ፣ እጅና እግራቸው ረጃጅም፣ ቆዳቸው ወይን ጠጅ ወይ ሰማያዊ። «ይኸው፣ ኢሉስትሬተሮቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት ነው የሚሠሩት። ማሽን ቢሠራው ምን ይጎድላል?»

እንዴ! ይህን መልክ ማን አበዛው? ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ ዓይነት የተሳሉ የራሱን ሰዎች ካሠራ በኋላ ኩባንያው ሁሉ ተግተልትሎ ተከተለ። ገዢው «እንደ እነሱ አድርጋችሁ ሥሩልኝ» አለ፤ ሠዓሊውም እንጀራው ነውና ሠራ። ፎቶ ኮፒ አዝዞ ሲያበቃ «የእጅ ጽሑፍ ሁሉ ይመሳሰላል» ብሎ መፍረድ ምን ይሉታል?

ስታይል ማለት ሠዓሊው ምን ለመተው እንደወሰነ ነው። የፈረንሳዊቷን ኢሉስትሬተር የማሊካ ፋቭርን ሥራ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለኒውዮርከር መጽሔት በሠራችው ሽፋን ላይ አራት ቀዶ ሐኪሞች ከላይ ሆነው ቁልቁል ያዩናል። ቆብ፣ ማስክ፣ ዓይን፤ በቃ። በሽተኛው አልተሳለም፤ አልጋው ላይ የተኛነው እኛ ነን። ሴቶች መሆናቸውን የምናውቀው ከዓይናቸው ነው። ሽፋኑ በወጣ ሰሞን በየአገሩ ያሉ ሴት ቀዶ ሐኪሞች ልክ እንደዚያው ክብ ሠርተው ፎቶ እየተነሡ ለቀቁት። ፋቭር ፊት ሞልታ ስላ ቢሆን ኖሮ የአራት ሴቶች ምስል ሆኖ ይቀር ነበር። ስለተወችው ግን የማንኛዋም ሆነ።

ያንን ሽፋን ለመኮረጅ ሦስት ምሽት ፈጅቻለሁ። በመጀመሪያው ምሽት ቅንድቡን ትንሽ አወፈርኩት፤ ሐኪሟ የተቆጣች መሰለች። በሁለተኛው ማስኩ ላይ ጥላ ጨመርኩ፤ ታማሚዋ እሷ ሆነች። በሦስተኛው የጨመርኩትን ሁሉ እያጠፋሁ ሄጄ ሄጄ ፋቭር የቆመችበት ደረስኩ። ከዚያ አንዲት መስመር ባጠፋ ሥዕሉ ይፈርሳል። እስቲ ይህ የትኛው ሜኑ ላይ አለ?

የሮዋልድ ዳልን የልጆች መጻሕፍት በሥዕል ያጀበው እንግሊዛዊ ኩዌንቲን ብሌክ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የቸኮለ ሰው የጻፈው ይመስላል። ግን መጀመሪያ ረቂቅ ይሠራል። ረቂቁን ከሥሩ መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ አንጥፎ የውሃ ቀለም ወረቀቱን ከላይ ያደርጋል። ከዚያ የታችኛው አጥርቶ እንዳይታየው ያደርጋል! በላዩ መሄድ አይፈልግም፤ እንደ አዲስ መሳል ነው የሚፈልገው። ያ ችኮላ የሚመስለው ነገር ታስቦበት የመጣ ነው። ጀርመናዊው ኢሉስትሬተር ክሪስቶፍ ኒማንም ግማሽ አቮካዶ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ጥቂት መስመር ይጨምርበታል፤ አቮካዶው የቤዝቦል ጓንት፣ ፍሬው ኳስ ይሆናል። እዚያ ላይ ስታይሉ ማየቱ ነው፤ መስመሩ ትርፍ ነው ማለት ይቻላል።

«ማሽኑም ከእነሱ ይማራል» ይሉኛል። አዎ፣ እንዴት እንደሚማር አይተናል። ደቡብ ኮሪያዊው ሠዓሊ ኪም ጁንግ ጊ ሰው እየተመለከተው፣ በእርሳስ ሳይነድፍ፣ ግድግዳ የሚያህል ወረቀት ከአእምሮው አውጥቶ በቀለም የሚሞላ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 ሞተ። በጥቂት ቀናት ውስጥ አንዱ በሥራዎቹ ያሠለጠነውን የምስል ማመንጫ ሞዴል «ተጠቀሙበት» ብሎ ለቀቀ። ለቅሶ ላይ ሆኖ የሟቹን ኮት መለካት ይሏል ይሄ ነው። ደግሞስ የወሰዱት ምኑን ነው? የደረቀውን ቀለም። ሰውዬው ባዶው ወረቀት ፊት ቆሞ የመጀመሪያዋን መስመር የት እንደሚያሳርፍ የወሰነበትን ቅጽበት ማን አገኘው?

ማሽኑ ፈጣን ነው፤ እሺ። ለስብሰባ ስላይድ ማድመቂያ ይበቃል። ከዚህ በላይ እንድስማማ አትጠብቁኝ። ዓይኑ ያልሠለጠነ ተማሪ ማሽኑ ከሚያወጣለት አርባ ምስል የትኛው እንደሚጣል በምን ያውቃል? የሚያብረቀርቀውን ያነሣል፤ መምህሩም ያጨበጭቡለታል።

ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው። ኢሉስትሬሽኑን ወደ ግዴታው መልሱት። ሜኑውን የፈለገ ይውሰደው።