የመብራት ቢል አምጡ

አንድ ቤተሰብ ወደ እንግሊዝ ሊዛወር ነው እንበል። ቪዛው በወጣ ማግስት አባትየው የትምህርት ባለሙያ ሆኖ ይነሳል። እስከ ትናንት የልጁን አስተማሪ ስም የማያውቅ ሰውዬ ዛሬ ስለ ፊንላንድ ያስረዳል። «እዚያ እኮ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው 7 ዓመት በሚሞላው ዓመት ነው» ይላል፣ ሕጉን ራሱ ያወጣው ይመስል። የሚሄዱት ግን እንግሊዝ ነው። እዚያ ደግሞ አብዛኛው ልጅ ገና በ4 ዓመቱ ዩኒፎርም ለብሶ ይሰለፋል።

እናትየው በበኩሏ ኤክሴል ከፍታለች። የተማሪ ብዛት፣ መዋኛ፣ ሮቦቲክስ፣ ቫዮሊን፤ ሁሉም የየራሱ ዓምድ አለው። አገሮች በተማሪዎቻቸው ውጤት የሚወዳደሩበት የፒሳ ፈተና ደረጃም ገብቷል። ፒሳ የሚፈትነው የ15 ዓመት ልጆችን ነው። የእነሱ ልጅ 6 ዓመቷ ነው፤ የግራና የቀኝ ጫማዋን ገና አለየችም። ይሁን፣ አርቆ ማሰብ አይከፋም።

ከዚያ ምክር ይጎርፋል። እኔ እንደታዘብኩት በዚህ ጉዳይ ረጅሙን ምክር የሚሰጠው ልጅ የሌለው ሰው ነው። ልጅ ያለውማ «ኧረ ተዉኝ፣ የቀረበኝ ጋ ነው ያስገባሁት» ብሎ ይዘጋዋል። ልጅ የሌለው አጎት ግን «ኢንተርናሽናል ካልሆነ እንዳታስገቧት!» አለ። ሐሳቡ እንኳ ክፉ አይደለም። ብዙ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት አይቢ የሚባለው ፕሮግራም በፈረንጆቹ 1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተው፣ ከአገር አገር የሚዞሩ ልጆች የትም የሚያስገባ ዲፕሎማ እንዲይዙ ጭምር ታስቦ ነው። አባትየው የክፍያውን ገጽ ከፈተ። «ይሄ እስክትመረቅ ነው አይደል?» አለ። የአንድ ዓመት ነበር። ኢንተርናሽናል ከኤክሴሉ ተሰረዘ። የአጎትየውም ስልክ ለጊዜው አልተነሳም።

ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ዞሩ። በእንግሊዝ ኦፍስቴድ የሚባል ተቆጣጣሪ አለ። እስከ 2024 ድረስ ትምህርት ቤቱን በአጠቃላይ በአንድ ቃል ይመዝን ነበር። አባትየው ከፍተኛውን ደረጃ ያገኘ ትምህርት ቤት አገኘና ቤቱን በእልልታ ሞላው። እናትየው ቀኑን አየች። ከፍተኛውን ደረጃ ያገኙ ትምህርት ቤቶች ከ2012 እስከ 2020 ድረስ ከመደበኛው ቁጥጥር ነፃ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከ10 ዓመት በላይ ሳይታዩ ቆይተዋል። ያን ጊዜ የተመሰገኑት ልጆች እኮ አሁን ጢም አብቅለዋል!

እንዲህ ሲሟገቱ የመሄጃው ቀን ደረሰና ሄዱ። አባትየው ፋይሉን ታቅፎ ምዝገባ ቢሮ ቀረበ። ፋይሉ ውስጥ የልጅቷ የኬጂ ሰርተፍኬት አለ፤ ተተርጉሞ፣ ማህተም ተመቶበት፣ በፕላስቲክ ተለብዶ። «ከክፍሏ አንደኛ ናት» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። ሴትዮዋ ፈገግ አለች። ክፍሏ የሚወሰነው በዕድሜዋ እንደሆነ ነገረችው። ቀጥላ ምን ጠየቀች? የመብራት ቢል።

ይኸው ነው ምስጢሩ። ልጅቷ አንደኛ ትውጣ አርባኛ የጠየቀ የለም፤ የተፈለገው አድራሻ ነው። ተፈላጊ ትምህርት ቤት ሲሞላ፣ በብዙ ቦታ ወንድም ወይም እህት እዚያ የሚማርለት ይቀድማል፤ ከዚያ በቅርበት ነው። ቅርበቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ካርታ ላይ በቀጥታ መስመር ነው። መሐሉ ላይ ወንዝ ቢኖር፣ የባቡር ሐዲድ ቢያልፍ ግድ የላቸውም። ይህንን ከማንም በፊት የሚያውቁት ደግሞ አከራዮች ናቸው። ጥሩ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለ ጠባብ ቤት ኪራዩ ሰፊ ነው።

በዓመቱ አጋማሽ ለመጣማ ምርጫ የሚባል ነገር ብዙም የለም። ባዶ ወንበር የተገኘበት ይገባል። የተገኘው ትምህርት ቤት ከኤክሴሉ ላይ ጭራሽ አልነበረም። ሲጎበኙ አባትየው ስለ ሮቦቲክስ ጠየቀ፣ እናትየው ስለ ቫዮሊን። ርዕሰ መምህሯ በትህትና ዙሪያውን አስረዳቻቸው። ከዚያ ልጅቷን «አንቺስ ጥያቄ አለሽ?» አለቻት።

«ሽንት ቤቱ ከውስጥ ይቆለፋል?»

ይቆለፋል። ልጅቷ ተስማማች። ከሦስቱ ትምህርት ቤቱን በትክክል የመረመረችው እሷ ናት ባይ ነኝ።

አባትየው? አሁን ሊዛወሩ ለሚያስቡ ሁሉ በስልክ ምክር ይሰጣል። «እኔማ ብዙ አጥንቼ ነው ይሄን የመረጥኩት» ይላል።