የሰፈራችን መዝገብ የት ነው?

ሚኒሶታ ሐበሻ ሞልቶባታል። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ምዕራብ አንድ ሰዓት ከምናምን ነድቶ ኮሌጅቪል የደረሰው ግን ጥቂት ነው። እዚያ ባለው የቤኔዲክታውያን (የካቶሊክ መነኮሳት) ገዳም፣ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ቅጂ አለ። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚህን መጻሕፍት እያነበቡና ዝርዝራቸውን እያዘጋጁ ለአሥርት ዓመታት ደክመዋል። ዛሬ ብዙዎቹን ተመዝግቦ በነጻ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የእኛው የጣና ገዳማት መጻሕፍትም ለብቻቸው ተዘርዝረዋል፤ የሐምቡርጉ ምሁር ኤርንስት ሐመርሽሚት የክብራን ገብርኤልን በ1973፣ የደብረ ማርያምንና የሬማን በ1977 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ አሳትሟል። ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ደብረ ማርያምን ከወዲህ ማዶ ሲያያት የኖረ ሰው እዚያ ምን እንደተጻፈ ለማወቅ ጀርመንኛ መማር አለበት ማለት ነው። ይህ ያንገበግበኛል።

በነዚያ ብራናዎች ላይ ያለው ጸሎትና ገድል ብቻ አይደለም። አባቶቻችን መሬት ሲሸጡ፣ ርስት ሲያወርሱ፣ ሲካሰሱና ሲታረቁ ውሉን በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ያስጽፉ ነበር፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ እማኝ፣ ዳኛ በስም ይጠራሉ። ለሰፈር ታሪክ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው የክርስትና ስም መሆኑ ነው። ወለተ ማርያም የተባለችው ሴት የማን እናት እንደሆነች የሚያውቅ ሽማግሌ አጠገብ ከሌለ ጽሑፉ ቢነበብም ሴትየዋ አትገኝም።

አሜሪካኖቹ በዚህ በኩል ቀሏቸዋል። የቤተሰብ ስም ስላላቸው ያንኑ ይዘው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝራቸው ለ72 ዓመት ተዘግቶ ይቆይና ለሁሉም ይከፈታል፤ የ1950ው በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ጎረቤቴ አያቷን ከነሥራው ከነቤት ቁጥሩ አግኝታ አልቅሳለች። የትንሿ ከተማ ቤተ መጻሕፍት እንኳ የአካባቢውን ወረቀት የሚሰበስብበት ክፍል አለው፤ ጡረተኞች በነጻ ያገለግሉበታል። እኛ ዘንድ የአያት ስም ሦስት ትውልድ ሳይሞላው ከወረቀት ይጠፋል። የመንግሥት የልደትና የሞት ምዝገባም በመላ አገሪቱ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ማን ያዘው? ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ቀበሌ፣ እና እድር።

እድሩን ያየሁት አምና ባሕር ዳር ስሄድ ነው። አክስቴ ሳጥን ውስጥ፣ ነጠላ ተጠቅልሎበት፣ ጠርዙን ምስጥ የበላው የሰፈሩ የድሮ እድር መዝገብ ተቀምጦ ነበር። ባሏ ጸሐፊ ስለነበሩ ሲሞቱ መዝገቡ እቤት ቀረ። የአባል ስም ከነአባትና ከነአያት፣ የወር መዋጮ፣ የድንኳንና የሰታቴ ብዛት፣ የለቅሶ ቀን ሁሉ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ከብዙ ስሞች አጠገብ «ፋብሪካ» ተብሎ ተጽፏል። በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰውን ከየአገሩ እንዴት እንደሰበሰበና ከሐይቁ ዳር ያለችውን ትንሽ ከተማ እንዴት እንደሞላት እዚያ ገጽ በገጽ ይታያል። ስለ ባሕር ዳር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሠራተኞቹን በስማቸው የጠራልኝ ግን ይህ መዝገብ ብቻ ነው።

ገጾቹን በስልክ ላንሣና ለሁሉም ላጋራ ብዬ ከቀድሞዎቹ የእድሩ ዳኞች አንዱን አማከርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ይኸ እኮ የአንቺ የአክስትሽ ብቻ አይደለም» አሉኝ። «ቅጣት አለበት፣ እዳ አለበት። የሟች እዳ በልጁ ፊት አይነበብም።» እውነታቸውን ነው። የገዳማቱም መነኮሳት መጻሕፍቱን ለመጣው ሁሉ የማይገልጡት በክፋት አይደለም። ከአገራችን የተዘረፈውንና የተሸጠውን ብራና ስናስብ፣ ዛሬ የቀረን ያ ጥበቃ ስለነበረ ነው። ግን ምስጥና እርጥበት ፈቃድ አይጠይቁም። የጣና ዳር ክረምት ወረቀትን ምን እንደሚያደርግ እዚያ ያደገ ያውቀዋል።

የአሜሪካኖቹን 72 ዓመት ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። አባላቱን ሰብስበው ተነጋገሩና የአባላት ስምና የለቅሶው ገጽ እንዲነሣ፣ የቅጣቱና የእዳው ገጽ ተዘግቶ እንዲቆይ፣ ዋናው መዝገብ ከሰፈሩ እንዳይወጣ ወሰኑ። እኔ አነሣሁ፣ እሳቸው ስሙን እያነበቡ «ይኸ የእገሌ አባት ነው» እያሉ አስረዱ፤ ድምፃቸውንም ቀዳሁ። ቅጂው በአክስቴ፣ በእድሩና በእኔ እጅ አለ። የድምፁ ቅጂ ከፎቶው ይበልጥብኛል፤ ያን እውቀት የያዙ ሰዎች እያነሱ ነው።

የቀረን የሴቶቹ እድር መዝገብ ነው። እንደነበረ ሁሉም ያስታውሳል፤ መጨረሻ ማን ቤት እንደተቀመጠ ግን እስካሁን አልታወቀም። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ የእናቶቻችሁን ሳጥን እስኪ ከፍታችሁ እዩልን። ካገኛችሁት ከማንሣታችሁ በፊት እናቶቹን አስፈቅዱ።