ብድሩ ነው የተበላሸው

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ደግሞ የሚቆጥረው ነገር ካጣ ጎረቤቱን መቁጠር ይጀምራል። ባለፈው ዓመት በለቅሶ የሚቀሩትን የዕድር አባላት፣ በሠርግ ሁለት ጊዜ የሚነሡትን እንግዶችና በኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ የተቃጠሉትን አምፖሎች ሁሉ ቆጥረው ጨርሰው ስለ ነበር፣ አሜሪካ ያለችው ልጃቸው በስልክ ስለ አንድ ጥናት ብታጫውታቸው እንቅልፍ አጡ።

ጥናቱ እንዲህ ነው። በፈረንጆች 2012 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የነበሩ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች፣ ፖል ፒፍ በተባለው ባልደረባቸው ፊታውራሪነት፣ ሀብት የሰውን ግብረ ገብ ይለውጥ እንደሆነ የፈተሹባቸውን ሰባት ጥናቶች በአንድ ላይ አሳተሙ። በአንደኛው ከመንገድ ዳር ተደብቀው፣ ለሚያልፈው መኪና እንደ መልኩና እንደ ዋጋው ከአንድ እስከ አምስት ደረጃ እየሰጡ፣ እግረኛ ዜብራ ላይ ብቅ ሲል ማን እንደሚቆምለትና ማን እንደሚያልፈው መዘገቡ። ከታችኛው ደረጃ ከተመደቡት አሮጌ መኪኖች አንድም ያልቆመ አልተገኘም፤ ከላይኛው ደረጃ ግን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው እግረኛውን እንደ መብራት ምሰሶ አይቶ አልፎታል። በሌላው ጥናት ደግሞ፣ ራሳቸውን ከድሆች ጋር እያስተያዩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ እንዳሉ እንዲሰማቸው የተደረጉ ሰዎች፣ ለሕፃናት የተቀመጠ ነው ከተባለው ከረሜላ ከሌሎቹ አብልጠው ዘገኑ። እነዚህኞቹ ሀብታሞች እንዳልነበሩ ልብ ይሏል፤ ለጥቂት ደቂቃ ሀብታም የሆኑ ስለ መሰላቸው ብቻ ነው የሕፃን ከረሜላ የበሉት።

«ይህ ነገር እኛ ሰፈር መሞከር አለበት» አሉ ጋሼ። በማግሥቱ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዝተው፣ ሃያ ሁለት አካባቢ ካለ አንድ ዜብራ ፊት ለፊት፣ የጀበና ቡና ከምትሸጥ ሴት ዘንድ አነስተኛዋን በርጩማ ይዘው ተቀመጡ። እኔን ምክትል ተመራማሪ አደረጉኝ። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበረች፦ ሁሉም የጠጣውን ቡና ራሱ ይከፍላል። «ተመራማሪ ከተጋበዘ ውጤቱ ይበላሻል» ይላሉ፤ ሰባት ቀን ሙሉ ለመጋበዝ ብሞክርም እጄን በእስክሪብቶ እየመቱ ከለከሉኝ።

ደረጃውንም አወጡ፤ ላዳ አንድ፣ ቪትዝ ሁለት፣ ኮሮላ ሦስት፣ ፒክ አፕ አራት፣ ቪ ኤይት አምስት። በርክሌይ ያልገጠመ ችግር የገጠመን ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። እዚያ የሚቆምና የማይቆም ሹፌር አለ፤ እዚህ ግን ለዜብራ የቆመ ሹፌር ከኋላው በክላክስ ስለሚሰደብ፣ እግረኛው ራሱ «ምን አስቦ ነው የቆመልኝ?» በሚል ጥርጣሬ ከአስፋልቱ ዳር ፈቀቅ ይላል። አንዲት እናት እንዲያውም የቆመላቸውን የቪትዝ ሹፌር በእጃቸው «እለፍ፣ እለፍ» ብለው ሸኝተውት፣ እርሱ ካለፈ በኋላ በማይቆሙት መካከል እየተሹለከለኩ ተሻገሩ። ጋሼ ይህን የት እንደሚመዘግቡት ቸግሯቸው፣ ከገጹ ጠርዝ ላይ «ተለማምደውታል» ብለው ጻፉ።

ላዳም ሌላ ጣጣ ነበረባት። ላዳ ቆማለች፤ ይሁን እንጂ በሹፌሩ ደግነት ትቁም ወይም በሞተሩ ድካም ከቡና መሸጫው ሆኖ መለየት አይቻልም። አንዷ ከዜብራው ላይ እንደ ቆመች ግማሽ ሰዓት ከመቆየቷም በላይ፣ መንገድ ሊሻገሩ የመጡ ሦስት ጎረምሶች ገፍተው አስነሥተዋታል። ጋሼ ቅን ተመራማሪ ስለሆኑ ይህንንም ከበጎ ምግባር ቆጠሩላት።

ከሁሉ የከበደን ግን ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ነው። ሹፌሩ ድሀ ነው፤ ረዳቱ ከእርሱም የባሰ ድሀ ነው፤ ሁለቱም ግን ለእግረኛ አይቆሙም፣ ለተሳፋሪ ሲሉ ከሆነ ደግሞ ማዞሪያ መሀል ይቆማሉ። እኔ «በቃ፣ የፈረንጁ ጥናት ፈረሰ» ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ጋሼ ጥቂት አሰቡና «የመኪናው ባለቤት ማነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል። ማታ የሚቀበለውን የቀኑን ገቢ ግን ጎዶሎ አይቀበልም። ነዳጁ፣ ሰልፉ፣ ቅጣቱ የሹፌሩ ዕዳ ስለሆነ፣ ሹፌሩ እያንዳንዷን እግረኛ የሚያያት ከማታው ገቢ ላይ የምትቀነስ ደቂቃ አድርጎ ነው። እንግዲህ ስግብግብነቱ የአንዱ ሲሆን ስድቡን የሚሰማው ሌላው ነው። ጋሼ ሚኒባስን ከደረጃው አውጥተው «በውክልና» የሚል አዲስ ዓምድ ከፈቱላት፤ በእኔ ግምት ከበርክሌዮቹ የበለጡት በዚህች ዓምድ ነው።

ቡና እስኪደርስ ደግሞ ስለ ቋንቋችን አንሥተን ተጨዋወትን፤ አማርኛ ይህን ጥያቄ ገና ሳይጠና መልሶታልና። ሥነ ምግባር ያለውን ሰው «ጨዋ» እንለዋለን፤ «የጨዋ ልጅ» ስንል ግን ጠባዩን ብቻ ሳይሆን ዘሩንና ቤቱን መጥራታችን ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ በየግዛቱ የሰፈረው የንጉሥ ጦር «ጨዋ» ይባል ነበር፤ ይህ ጦር የሚኖረው ደግሞ ገበሬው በሚያመርተው ነበር። ቤተ ክህነት በበኩሏ ያልተማረውን ምእመን ጨዋ ስትል ኖራለች። ሦስቱን ትርጉሞች አንድ ላይ ብናስቀምጣቸው፣ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ የታጠቀና በሌላ ሰው ጎተራ የሚቀለብ ሆኖ ሳለ «አቤት ሥርዓቱ!» የሚባልለት ሰው ይሆናል። ገበሬውን ግን ይህን ቃል እንዴት ትተረጉመዋለህ ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ወደ ዕድራችን ልመለስ። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል የሚለው ደንብ የተጻፈው ሁሉም ሰው የገንዘብ ቅጣትን እኩል የሚፈራ ይመስላቸው በነበሩ ሰዎች ነው። በዕድራችን ባለ ፎቅ የሆነ አንድ አባል አለ፤ እርሱ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን የሚቀርበትን ለቅሶ ሁሉ አስልቶ ቅጣቱን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ደረሰኝም ይጠይቃል። ሃይፋ ከተማ ውስጥ በሕፃናት ማቆያዎች የተደረገና በፈረንጆች 2000 የታተመ አንድ ጥናት አለ፤ ልጁን አርፍዶ በሚወስድ ወላጅ ላይ ቅጣት ቢጣል አርፋጁ ይበዛ ጀመር፣ ቅጣቱ ከተነሣ በኋላም አልቀነሰም፤ ወላጁ ቀድሞ ያፍርበት የነበረውን ነገር አሁን የገዛው መስሎት ነበርና። የእኛም ባለ ፎቅ በለቅሶ አለመገኘትን ገዝቷል። የጎደለችውን ዐሥር ብር ለመሸፈን አንገቷን ደፍታ ድንኳን ስትተክል የዋለችው አባል ግን ዛሬም «ቀሪ ናት፤ አታስተዛዝንም» ተብላ ትታማለች፤ አንድ ቀን ልጇ ታሞባት ቀርታ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ፈረንጆቹም በአንድ ቃል አልተስማሙም። በፈረንጆች 2021 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ገንዘብ ያለበት ፖስታ በስሕተት የመጣ አስመስሎ በሀብታምና በድሀ ቤት ደጃፍ ቢጥል፣ አብልጠው የመለሱት ሀብታሞቹ ሆኑ። ተመራማሪዎቹም ድሀው ግብረ ገብ ጎድሎት ሳይሆን ገንዘብ አስጨንቆት ነው ሲሉ አስረዱ። ጋሼ ይህንንም ሊሞክሩት ተነሥተው ነበር፤ ነገር ግን በእኛ አገር አብዛኛው ፖስታ በየቤቱ ስለማይታደል፣ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ደግሞ የማንንም ሕሊና መፈተን ስለማይቻል ተውት።

ይልቅስ እኛ ዘንድ ማንም ሳያቅደው የተደረገ ትልቅ ሙከራ አለ። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ታወከና ለደንበኛው ካለው በላይ ይሰጠው ጀመር። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዳረሰ፤ ተማሪው ብርድ ልብሱን እንደ ደረበ ከዶርም ወጥቶ በኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ሰልፍ መያዙን ልብ በሉ፤ የሰው ገንዘብ ሊወስድ የመጣ ሕዝብ ተራውን ጠብቆ፣ «ቀድመኸኛል» እየተባባለ ነው የወሰደው። ባንኩ በኋላ ያለ አግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ፤ ለተማሪዎቹ መልሱ የሚል ማስታወቂያ በየዩኒቨርሲቲው ወጣ፤ ብዙው መለሰ፤ ያልመለሱት ደግሞ ስማቸውና ፎቶግራፋቸው በይፋ ተለጠፈ። ከካፌ ምግብ የተረፈው ሁለት መቶ ብር ብቻ የነበረው ልጅ፣ በአንድ ሌሊት አገር የሚያውቀው ሰው ሆነ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላኛው መስኮት እንሂድ። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ካበደረው ገንዘብ ከሩብ የሚበልጠው በወቅቱ የማይመለስ ሆኖ ነበር። በጋምቤላ ለሰፋፊ እርሻ የተሰጠው ከዚሁ ይቆጠራል፤ እዚያ የአንዱ ባለሀብት መሬት በሌላው ባለሀብት መሬት ላይ ተደርቦ እስኪገኝ ድረስ ተሠርቷል። በሐቅ የከሰረ፣ የጸጥታና የዝናብ እጦት የበደለው ተበዳሪ በመካከሉ እንደሚኖር አልክድም። እኔን የሚያስደንቀኝ ስሙ ነው። ተማሪው ሲወስድ ሌባ ተባለ፤ እዚህኛው ግን «የተበላሸ ብድር» ተባለ። ተበዳሪው ደኅና ነው፤ የተበላሸው ብድሩ ነው። ብድሩ እንደ ወተት በራሱ ጊዜ፣ ማንም ሳይነካው፣ ፀሐይ ላይ ውሎ ተበላሸ። የተበላሸ ብድር ደግሞ ፎቶግራፍ ስለሌለው በባንክ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። «ሀብታም ቢሰጥ አበደረ እንጂ መች ሰጠ፣ ድሀ ቢበላ ተበደረ እንጂ መች በላ» ያሉት አባቶች፣ ሀብታም ሲበደር የሚሆነውን ሳያዩ ማለፋቸው ያሳዝናል።

ከዚህ በኋላ የጋሼ ደብተር ከመኪና ይልቅ ቃል መሰብሰብ ጀመረ። ድሀ የሚወስደው ጉቦ ነው፤ ከፍ ሲል «የሻይ» ይባላል፤ ይበልጥ ከፍ ሲል ኮሚሽን፣ ከዚያም ሲያልፍ የማማከር አገልግሎት ይሆንና ደረሰኝ ይቆረጥለታል። ድሀ ይዋሻል፤ ሀብታም ያስተባብላል። ድሀ ሰክሮ ይሳደባል፤ ሀብታም ይጫወታል። ድሀ ቃሉን ያጥፋል፤ ሀብታም ግን ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ በማይክሮፎን ግማሽ ሚሊዮን ብር ቃል ገብቶ፣ እልል ተብሎለት፣ ጥላ ተይዞለት ከወጣ በኋላ ሦስት ዓመት «ሒደት ላይ» ይሆናል። ዐሥር ብሯን ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የጨመረችው መበለት ሒደት የላትም፤ ገንዘቡ ወዲያው ገብቷል። እኔ እንደ ገባኝ እንግዲህ፣ ገንዘብ ሰውን ከማክፋቱ በፊት ቀድሞ የሚገዛለት ነገር ስም ነው፤ የሚያሳፍር ስም ከሌለው ሥራ ፊት ደግሞ ማን ፍሬን ይይዛል?

ይህን የመሰለ መደምደሚያ ላይ ደርሼ በራሴ በተመካሁበት ሳምንት የአክስቴ ልጅ ሠርግ ሆነ። ለአጀብ ከተዋስናቸው መኪኖች አንዱ ቪ ኤይት ነበርና የመንዳቱ ዕጣ ለእኔ ወደቀ። ቪ ኤይት ላይ ያልተቀመጠ ሰው ስለ ሀብታም ብዙ ባይናገር ይመረጣል። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፤ መስታወቱ የውጭውን ድምፅ አያስገባም፤ ከዚያ ላይ ሲታይ እግረኛ ከወገቡ በላይ ብቻ ነው ያለው፣ የሚቸኩልበትም ነገር ያለው አይመስልም። ከሃያ ሁለቱ ዜብራ ስደርስ አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት አንድ እግሯን አስፋልት ላይ አድርጋ ነበር። ፍሬኑ የት እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ሙሽራው ከፊቴ፣ ካሜራው ከጎኔ፣ ክላክሱ ከኋላዬ ስለ ነበር አለፍኩ። በመስታወት ሳይ፣ ጋሼ ከበርጩማቸው ላይ ቀና ብለው በእስክሪብቶ አንድ ነገር ጻፉ።

በማግሥቱ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ እርሳቸውም ስለ ሠርጉ፣ ስለ ጠጁና ስለ ሙሽራዋ ቤተሰብ ጠየቁኝ እንጂ ስለ ዜብራው አንዳች አላነሡም። ቡና የምትቀዳው ሴት ዘንድ ሄደው ስኳር ሲያስጨምሩ ደብተሩን ቀስ ብዬ ገለጥኩት። በዚያ ቀን ካለፉት ዐሥራ አንድ ቪ ኤይቶች ዐሥሩ ፊት ለፊት «አልቆመም» የሚል ተጽፏል። በዐሥራ አንደኛው ላይ፣ በዚያ በሚያምር የመምህር እጅ ጽሑፋቸው፣ «ሠርግ ነበረበት» ይላል።

ደብተሩን እንደ ነበረ መለስኩት። የሁለታችንንም ቡና የዚያን ቀን እኔ ከፈልኩ፤ ጋሼም እጄን በእስክሪብቶ አልመቱኝም።