ክርክር፦ የጤና ዘመቻ ሳይለካ በጀት ይለቀቅለት?

የክርክሩ ነጥብ ይህ ነው፦ በመሃል አዲስ አበባ የሚካሄድ የጤና ማበልጸግ ፕሮግራም መነሻ ጥናት (ሥራው ሳይጀመር ሁኔታውን የሚለካ ጥናት) እና የግምገማ ዕቅድ ሳይኖረው በጀት ሊለቀቅለት አይገባም። ደጋፊው የክትትልና ግምገማ ባለሙያ ናቸው። ተቃዋሚዋ ቤት ለቤት የሚዞሩ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ነርስ ናቸው።

ደጋፊ፦
እሑድ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ መስቀል አደባባይ ላይ ድንኳን ተተክሎ ደም ግፊት በነጻ ይለካል። «መንገድ ለሰው» በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የለመድነው ነገር ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን አንዱ ድንኳን አጠገብ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሩጫውን ጨርሶ ላቡ ያልደረቀ ሰው መጣ። እንደተቀመጠ ክንዱ ላይ ታሰረለት። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ማረፍ ነበረበት። 160/100 ተባለ። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡትና «ጤና ጣቢያ ሂድ» አሉት። ስልኩን የጻፈ የለም። ሪፖርቱ ላይ ግን እሱም አንድ «ተጠቃሚ» ሆኖ ይቆጠራል።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ስንት ሰው ተለካ፣ ስንት ብሮሸር ተበተነ፣ ስንት ቲሸርት ታደለ ማለት የሥራውን ብዛት ይናገራል እንጂ ውጤቱን አይናገርም። ግፊታቸው ከፍ ብሎ ከ140/90 በላይ ከሆነው ስንቱ ጤና ጣቢያ ደረሰ? ከስድስት ወር በኋላ ስንቱ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው? ጥያቄው ድንኳኑ ሳይተከል ካልተጻፈ መልሱ በኋላ ከየት ይመጣል?

ፊንላንዶችን እዩ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሰሜን ካሬሊያ በምትባለው ክፍለ ሀገር የልብ ሕመምን ለመቀነስ ሥራ ሲጀምሩ አስቀድመው ሕዝቡን ለኩ። ጎረቤቷን ኩኦፒዮንም ለማነጻጸሪያ አብረው ለኩ። በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ የልብ ሕመም ሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ ብለው ዛሬ አፋቸውን ሞልተው የሚናገሩት ለዚህ ነው።

ተቃዋሚ፦
ጋሼ፣ ስለ ድንኳኑ ያሉት ልክ ነው። የማያስማማን መፍትሔው ነው።

ካሬሊያን ካነሡ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው። ኩኦፒዮም ውስጥ ሞቱ ቀንሷል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድንበር አያውቅም፤ ትምህርቱ ወደ ጎረቤት ተሻገረ። የሁለቱን ልዩነት ብቻ ያየ ገምጋሚ ሥራውን አሳንሶ ይፈርድበት ነበር። እኛስ ልደታን አስተምረን ቂርቆስን ለማነጻጸሪያ ብናስቀምጥ? የልደታዋ ልጅ ቂርቆስ እናቷ ቤት ቡና ላይ ሁሉንም ታወራዋለች።

ደግሞስ መነሻ ጥናቱ የማን ነው? ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲነሣ ስንቱ ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ጥናቱ ተጠንቶ፣ ተተንትኖ፣ ጸድቆ እስኪመጣ የተጠናው ሰው ሰፈሩ ላይ የለም።

እኔ የምሠራው ጓዳ ድረስ ገብቼ ነው። ብሮሸሩ «ጨው ቀንሱ» ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ መሆኑ ነው። እሺ። ግን ብዙ ቤት ሽሮውም በርበሬውም ጨው ገብቶበት ነው የሚፈጨው። እናትየዋ ወጡ ላይ ምንም ባትጨምር እንኳ ጨዉ ቀድሞ ገብቷል። ከሱቅ በኪሎ የምትገዛዋማ ምን ያህል እንዳለው በምን ታውቃለች? «ምግብዎ ላይ ጨው ያበዛሉ?» የሚል መጠይቅ ይዘው ቢመጡ «ኧረ ትንሽ ነው» ትልዎታለች። እውነቷን ነው። አጠገቧ ቁጭ ብለው ስትሠራ ካላዩ ነገሩ አይገባዎትም። እኔን ከዚያ አንሥታችሁ ቅጽ ሳስሞላ ካዋላችሁኝ ማን ያየዋል?

ደጋፊ፦
ሲስተር፣ የሽሮው ነገር ለእኔ መሰከረልኝ። ዕቅድ ማለት እኮ ይሄ ነው! ሎውረንስ ግሪን የተባሉ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጀመሩት «ፕሪሲድ» የሚባል የዕቅድ መንገድ አለ። ከሚፈለገው ውጤት ተነሥቶ ወደ ኋላ ይጠይቃል። ሰዉ የጎደለው እውቀት ነው? ወይስ እያወቀ እንዳያደርገው የሚይዘው ነገር አለ? እርስዎ የነገሩን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ ብሮሸር ማሳተም ትርፉ ድካም ነው። መሄድ ያለብን ወፍጮ ቤትና ባልትና ሱቅ ነው። ይህ ሳይታወቅ በጀት ቢለቀቅ ገንዘቡ ማተሚያ ቤት ገብቶ ይቀር ነበር።

ኩኦፒዮም መቀነሱን ያወቅነው ስለተለካ ነው። ካዛንቺስም ቢሆን ሰዉ ተነሣ እንጂ ስልኩ አልተነሣም።

ተቃዋሚ፦
ስልክም ይቀየራል፤ ግን እሺ። ዋናው ቅሬታዬ የሚለካው ማን ነው፣ ለማንስ ነው የሚለው ላይ ነው። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን በ2002 ዓ.ም. ሲጀመር ቤት ለቤት እንድንዞር ነበር። አሁን እያንዳንዱ ፕሮጀክት የራሱን ቅጽ ይዞ ይመጣል። አንዷን እናት ስለ አንድ ልጇ ሦስት ቦታ እጽፋታለሁ። ቅጹ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ተመልሶ «እዚህ ሰፈር ይሄኛው አልሠራም» ያለኝ የለም። እናቶቹ «ያ የጻፍሽው ምን ደረሰ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

በጀት ይታገድ የሚለው ደግሞ የሚጎዳው ትንሹን ነው። ትልቁ ድርጅት አማካሪ ቀጥሮ፣ ጥናቱን አስጠንቶ ያልፋል። የዕድር ሴቶች ተሰባስበው የሚጀምሩት ሥራ ግን እዚያው ይቀራል።

ደጋፊ፦
ለትንሽ ሥራ ትንሽ ልኬት ይበቃል። ዕድሩ አባላቱን ዛሬ ለክቶ፣ ስማቸውን ከነስልካቸው ደብተር ላይ ጽፎ፣ ከስድስት ወር በኋላ ድጋሚ ቢለካ ያንን ግምገማ ብዬ እቀበላለሁ። ለሌላው ግን አልለቅም። ድንኳን፣ ባነርና ድምፅ ማጉያ የሚከራይበት ገንዘብ ያለው፣ እየደወሉ የሚከታተሉ ሁለት ሰዎች መቅጠሪያም አያጣም።

ተቃዋሚ፦
እንዲያ ከሆነ ደዋዮቹ ይቀጠሩ። ቅጹም ሳይታተም በፊት እኛ ጋ ይምጣና ቤት ለቤት የምንዞረው እንየው፤ ሰው የማይመልሰውን ጥያቄ እንሰርዝ። ውጤቱ በሦስት ወር ውስጥ ወደ ሰፈሩ ይመለስ፣ ዕድር ላይ ይነበብ። ይሄ ያልተጻፈበት የግምገማ ዕቅድ ቢመጣ አልፈርምበትም።