ዓመት አቃጠለች አትበሏት

ልጁ ሐኪም እንዲሆንለት የማይመኝ አበሻ ወላጅ እዚህ አሜሪካ ካለ አሳዩኝ። ምኞቱ ደግ ነው። እኔን ያበገነኝ ችኮላው ነው።

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ ውስጥ በባዮሎጂ ተመርቃለች። ባለፈው ዙር ለሕክምና ትምህርት ቤቶች አመልክታ ሳይሳካላት ቀረ። ኤምካት በሚሉት የመግቢያ ፈተና ያመጣችው 503 ነው። ውጤቱ ከ472 ተነስቶ 528 ላይ ያልቃል። 503 የሚያሳፍር አይደለም፤ ግን የሚገቡት ልጆች አማካይ ከ511 በላይ ነው። በዚያ ላይ ማመልከቻዋ የደረሰው ሴፕቴምበር አልቆ ነው።

ስለዚህ ፈተናውን ልትደግም ነው። እስከዚህ ድረስ ቤቱ ሁሉ ተስማማ። ጠቡ የተነሳው መቼ የሚለው ላይ ነው።

አባቷ «ኦገስት ላይ ተፈትና በዚሁ ዓመት ታመልክት፣ ዓመት ማቃጠል ምንድነው?» አለ። እስቲ አስሉት። ኦገስት መጨረሻ የተፈተነ ሰው ውጤቱን የሚያየው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ማመልከቻው ግን ሜይ ላይ ተከፍቶ፣ ጁን መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤቶቹ እጅ መግባት ይጀምራል። ብዙዎቹ የመጣውን እንደመጣ እያዩ ነው ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩት። ልጅቷ ከነአዲሱ ውጤቷ ስትደርስ ድግሱ ተበልቶ ሳህን እየታጠበ ነው።

የእሷ ሐሳብ ሌላ ነው። ክረምቱንም በጋውንም አጥንታ ኤፕሪል ላይ ትፈተናለች። ሜይ ላይ ውጤቷን አይታ፣ ጁን መጀመሪያ ላይ ፎርሙን ትልካለች። ቢዘገይ እንኳ መላ አለው። ፎርሙን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት የኮሌጅ ውጤትን ለማጣራት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ የፈተናውን ውጤት ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ለአንድ ትምህርት ቤት ብቻ ልኮ ወረፋ መያዝ፣ ውጤቱ ሲወጣ ሌሎቹን መጨመር ይቻላል። ይህን ሁሉ የነገረችኝ እሷ ናት። አማካሪ ተብዬዋ «መልካም ዕድል» ከማለት ሌላ የረዳቻት ነገር የለም።

አገር ቤት እኮ ይህ ጣጣ የለም። ሚኒስቴሩ ቀኑን ይቆርጣል፣ አገር ሙሉ ይፈተናል፣ ውጤት ይወጣል፣ ምደባ ይወጣል። ለምን ጅማ ደረሰኝ ብለህ ሁለት ቀን ታኮርፍና ሻንጣህን ታስራለህ። ቀላል ነው ማለቴ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ስንት እናት እንዳለቀሰች እናውቃለን። ግን እዚያ ወደቅህ ከተባልክ ወደቅህ ነው፣ ቁርጥህን ታውቃለህ። እዚህ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ወራት ሙሉ ድምፁን አያሰማም። ሚኒስቴሩም አንተ፣ መዳቢውም አንተ፣ ከፋዩም አንተ! ፈተናው ብቻውን ከ300 ዶላር በላይ ነው። ከዚያ በየትምህርት ቤቱ ክፍያ አለ፤ ከዚያ ደግሞ ተጨማሪ ድርሰት ጻፊ ይሏትና ለእሱም ያስከፍሏታል።

መድገም ይፈቀዳል፤ በዓመት 3 ጊዜ፣ በተከታታይ 2 ዓመት 4፣ በዕድሜ ልክ 7። አባቷ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «7 ጊዜ? ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«አባዬ፣ ሁሉንም ውጤት እኮ ያዩታል።»

ፊቱ ተመልሶ ጠቆረ።

ያለፈው ቅዳሜ ቤታቸው ነበርኩ። ልጅቷ በሯን ዘግታ የሙከራ ፈተና ላይ ናት። ትክክለኛው ፈተና ከነእረፍቱ 7 ሰዓት ተኩል ስለሚፈጅ፣ እሷም በዚያው ሰዓት ልክ ነው የምትቀመጠው። ስልኳን ሳሎን ትታዋለች። እህቴ ፈንዲሻ ይዛ በሩን በረገደችው። «ቡናው ደርሷል፣ ነይ አቦል እንኳ ቅመሺ!» ልጅቷ ዓይኗን ከኮምፒዩተሩ ሳትነቅል በእጇ ሰዓቱን አሳየቻት። እህቴ ተቀየመች። ዓመት እንዳታቃጥል የሚጨቀጭቁት እነሱ፣ ሰዓቷን የሚያቃጥሉት እነሱ።

በዚያ ላይ ሥራ ፈት አይደለችም። ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪም እየተከተለች የበሽተኞችን የሕመም ታሪክ ትጽፋለች። ድጋሚ አመልካችን ትምህርት ቤቶቹ «ካለፈው ምን ጨመርሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ኦገስት ላይ ተሯሩጣ ብትፈተን ምን ልትመልስ ነበር?

የባሰው ስልኩ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ በየእሁዱ እየደወለች «ዶክተሯ ደህና ናት?» ትላለች። ጎንደር ያለው የአጎቷ ልጅ እኩያዋ ነው፤ እሱ ነጭ ጋውን ለብሶ ሆስፒታል ይውላል። እዚያ ከ12ኛ ክፍል እንደሚገባ፣ እዚህ ግን መጀመሪያ የ4 ዓመት ዲግሪ እንደሚጠየቅ ማን ያስረዳት? እህቴ ማስረዳቱ ሰለቻትና አምና «ገብታለች እማዬ» ብላ ዘጋችው። እነሆ ልጅቷ ባልገባችበት ትምህርት ቤት 1ኛ ዓመትን በጥሩ ውጤት አልፋለች። ባለፈው እሁድ ደግሞ እናቴ ጉልበቷን እንዳመማት ነግራ መድኃኒት እንድታዝላት ጠየቀች። እህቴም «ፈተና ላይ ናት» አለቻት። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው።